ያልተሠራው ማሽን

እኔ መቀመጥ አልችልም። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ፤ የክፍል አለቃው ስሜን ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ስላወራሁ ሳይሆን ስለተቁነጠነጥኩ ነው። ሶዶ ውስጥ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ይሄ ጠባዬ በሽታ ሆነብኝ። ባለሙያ ይባል እንጂ ሥራዬ የፕሪንተር ቀለም መቀየር፣ ቫይረስ የበላው ፍላሽ ማጽዳትና የአለቆችን ሪፖርት ማሳመር ነበር። ጠዋት ፈርሜ እገባለሁ። አንድ ለአምስት ተሰብስበን ጠንካራና ደካማ ጎናችንን እንገመግማለን። ከዚያ የሆነ ሰው ኮምፒውተር እምቢ እስኪል ድረስ መስኮት ላይ ቆሜ ዳሞታ ተራራ ላይ ጉም ሲወጣና ሲወርድ አያለሁ። ጉሙ እንኳ ከእኔ የተሻለ ይሠራ ነበር።

የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ፣ ቀኑን ባዶ ትቼ፣ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ሲብስብኝ አውጥቼ አነበዋለሁ። የራሴን ፕሮግራም ጽፌ፣ የራሴን ቢሮ ከፍቼ መኖር ነው የምፈልገው። የጎደለኝ ሐሳቡ ብቻ ነበር።

ሐሳቡ የመጣው ከሐፍረት ነው። ከወላጆቼ ቤት ወጥቼ ከተማው ዳር፣ ኮብልስቶን ገና በሚነጠፍበት ሰፈር ቤት ተከራየሁ። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ደግሞ የሚዞረው በድሮው ሰፈር ነው። አንድ ጎረቤታችን፣ በልጅነቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ገበያ ይወስደኝ የነበረ ሰውዬ፣ ሞቶ ሲቀበር አልሰማሁም። በእኛ ዘንድ ሠርግ የቀረ ሰው ይወቀሳል፤ ለቅሶ የቀረን ሰው ግን ማንም አይወቅሰውም፣ ዝም ይሉታል። እኔንም ዝም አሉኝ። መንገድ ላይ ያገኙኝ ሁሉ በትሕትና ሰላም ብለውኝ አለፉ። ከዚያ ይልቅ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስጠያይቅ እንደኔ የሆነው ብዙ ነው። ከተማው አድጓል፤ ጡሩምባው ግን አላደገም። የእድሩ አባል አረካ ከተማ ተቀጥሮ ይሠራል፣ ቢጠና ሄዶ ይነግዳል፣ ቅዳሜ ብቻ ነው ቤቱ የሚገባው። ሞባይል ግን የሌለው የለም። ታዲያ ጸሐፊው አንድ ጊዜ ጽፎ ለአባላቱ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የሚያደርስ ፕሮግራም ቢኖርስ? እድሮቹ በየወሩ ትንሽ ይከፍላሉ፣ እኔም ከመስኮቱ እላቀቃለሁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሶዶን እድሮች ጨርሼ በሐሳቤ ጎረቤት ከተማ ቦዲቲ ገብቼ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይሄ ነው።

ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ ለተማረ፣ አዲስ አበባ ሶፍትዌር ለሚሠራ ጓደኛዬ ደወልኩለት።

«ኮድ መጻፍ ጀመርሽ?» አለኝ።

«ዛሬ ልጀምር ነው።»

«እንዳትነኪው!»

እሱ ለፋርማሲዎች ብሎ ወራት የፈጀበት ፕሮግራም ነበረው፤ የገዛው አንድም ፋርማሲ የለም። «መጀመሪያ ሰው ይፈልገው እንደሆነ እዪ» አለኝ። እሺ ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ገበያ ጠየቅሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ጠየቅሁ፣ ሻይ ቤት ጠየቅሁ። ሁሉም «ጎበዝ፣ ጌታ ይባርክሽ» አሉኝ። አንድ ወንጌላዊማ እዚያው ቆሞ እጁን ጭኖ ጸለየልኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድም ሰው አይረባም አላለኝም፤ ያስጨነቀኝም እሱ ነው።

ለጓደኛዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «ሶዶ ውስጥ ማን ነው ፊት ለፊት ‹አይረባም› የሚልሽ? ይሉኝታ መረጃ አይሆንም። ፕሮግራሙ እንዳለ አድርጊና በእጅሽ ሥሪው። ማሽኑ አንቺ ሁኚ። ሰው ሲጠቀምበት ያኔ ታያለሽ።» አባላቱ ኮምፒውተር የሚልከው እንዲመስላቸው እንዳደርግ ነገረኝ፤ እኔ መሆኔን ካወቁ ለእኔ ብለው ነው የሚቀበሉት። ከዚያ አንድ ሕግ ጨመረልኝ፤ «ማሽኑ የማያውቀውን አንቺም አትወቂ። ማሽኑ የማያስበውን አታስቢ። ከረዳሽው ፈተናው ውሸት ይሆናል።»

ሕጉን ወደድኩት። የአባላቱን ስምና ስልክ የምመዘግብበት ደብተር ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

የእድራችን ጸሐፊ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ረጅም ጊዜ አዩኝና፣ «እሷ ማሽን ወላይትኛ ትጽፋለች?» አሉ።

«ትጽፋለች» አልኩ። የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

መጀመሪያ የተመዘገበችው ሒሳብ ያስተማረችኝ መምህርት ናት። ዛሬም ድረስ «ቲቸር» ነው የምላት። ሌሎቹ አስተማሪዎች ለመቁነጥነጤ ኩርኩም ሲሰጡኝ እሷ ሥራ ሰጠችኝ፤ ጠመኔ አምጪ፣ ሰሌዳ አጥፊ፣ ደብተር ሰብስቢ። «ይቺ ልጅ ቆማ ነው የምትማረው፣ ተዉአት» ትላቸው ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ብቻዋን አሳድጋለች። ደብተሬ ላይ ስሟን እስከ አያቷ በዚያ ቀጥ ባለ የአስተማሪ ጽሕፈት ጻፈችና፣ «ቤሌ ከተማ ሱቅ ያለው ወንድም አለኝ። እናታችን ስትሞት ገና ይድህ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ሲመጣ ቁጥሩን አስመዘግበዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ ቤት ለቤት ዞራ፣ ሞባይላቸውን ለመደወል ብቻ ለሚያውቁ እናቶች መልእክት እንዴት እንደሚከፈት አስተማረችልኝ። ከእኔ በላይ የደከመችበት እሷ ናት።

የመጀመሪያው ለቅሶ የአንድ ሽማግሌ ነበር። ጸሐፊው ደወሉ፤ እኔ ጻፍኩ፤ የዚያን ጊዜ ስልኬ በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰው በላይ ስለማይቀበል አሥር አሥር እያደረግኩ ላክሁ። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብኝ። ቀብሩ ላይ ከአረካ በሚኒባስ የመጡ አየሁ፣ ከአዲሱ ሰፈር የመጡ አየሁ። ዓመት ሙሉ ለቅሶ ላይ ያልታየ ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ነውር ነው እንጂ እዚያ ሁሉ ሐዘንተኛ መካከል ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝማሬው እስኪያልቅ መቆም አቅቶኝ ከአጥሩ ውጪ ወዲያ ወዲህ ስል ጸሐፊው መጡና፣ «ማሽንሽ አንበሳ ናት!» አሉኝ።

ከዚያ በኋላም ሦስት አራት ለቅሶ አለፈ። የሌሎች እድሮች ሰዎች ቢሮዬ ድረስ እየመጡ «ለእኛስ መቼ?» ይሉኝ ጀመር። ሐሳቡ ፈተናውን አልፏል። ደብዳቤዬን ከመሳቢያ አውጥቼ የሚቀጥለውን ወር መጀመሪያ ቀን ጻፍኩበት።

በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ግምገማ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ወጥቼ አነሳሁት። ጸሐፊው ናቸው። ከቤሌ እድር ተደውሎላቸዋል፤ አንድ ባለሱቅ ድንገት አርፏል፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ከሶዶ ነጋዴዎች ጋር ብዙ ትውውቅ ስላለው አባላት እንዲያውቁት ይፈለጋል። ስሙንና የአባቱን ስም ነገሩኝና፣ «ቶሎ ላኪ፣ ወደ ቤሌ የሚሄደው መኪና እንዳያመልጣቸው» ብለው ዘጉ።

ጻፍኩት። ልልከው ስል ጣቴ ቆመ።

የአባትየው ስም የቲቸር አባት ስም ነው። ደብተሩን ገለጥኩ፤ ያ ቀጥ ያለ ጽሕፈት እዚያ አለ። በወላይታ በዚያ ስም የሚጠራ አባት ስንት ነው፣ ብዬ አሰብኩ። ቤሌስ ስንት ባለሱቅ አለ? ለጸሐፊው ደውዬ ብጠይቅ ሁለት ደቂቃ ነው። የእሷን ቁጥር ብዘለው ደግሞ አንድ ሰከንድም አይፈጅም።

ከዚያ ደብተሩን ስከድነው ሽፋኑ ላይ ያለውን አነበብኩ። ማሽኑ የማያውቀውን አንቺም አትወቂ። ማሽን ቢሆን አይጠራጠርም፣ አይደውልም፣ አይዘልም። ሐሳቡ ይሠራ እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሁ መርዳት የለብኝም። ይህን ለራሴ እንደ ትልቅ ሐቀኝነት ቆጠርኩት። እውነቱን ልናገር ከተባለ ግን ሕጉ ብቻ አልነበረም። ዘጠኙን ደቂቃ ወደ ሰባት ማውረድ ፈልጌ ነበር፤ ሰዓቱን እያየሁ ነበር።

ላክሁት። የእሷ ቁጥር ሦስተኛው አሥር ውስጥ ነበረ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይላሉ፤ ከጣት የወጣም እንደዚያው ነው። ወደ ግምገማው ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። የሞተው በእርግጥም የቲቸር ወንድም ነበር፤ ያረፈው ሌሊት ነው። ዘመዶቿና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በጠዋት ተገናኝተው ተማክረዋል፤ ጸሐፊው ግን ሟቹ የማን ወንድም እንደሆነ ገና አልተነገራቸውም ነበር። አስተምራ ትመለስ፣ ምሳዋን ትብላ፣ ከዚያ ተሰብስበን እንገባለን፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይይዟታል፣ ትልቁ ሽማግሌ ይነግራታል፤ ሚኒባሱ ደጅ ላይ ይጠብቃል፤ የቤሌ ሰዎችም ቀብሩን ለእሷ ሲሉ ያቆያሉ። ጎረቤቶቿ የሆነ ምክንያት ፈጥረው ግቢዋን ጠርገውላታል። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ተነግሮታል፤ ከእሷ ጋር ሻይ ጠጥቶ ስለ ፈተና ወረቀት አውርቷል። ከሰዓት በፊት በዙሪያዋ የነበረው ሰው ግማሹ ያውቃል፤ ሁሉም ይስቅላታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው በሐሜት ነው እንጂ፣ በእኛ አገር ይህን ባዳነት ሰው ተመካክሮ ነው የሚጠብቀው።

መልእክቱን ያነበበችው በእረፍት ሰዓት፣ የመምህራን ክፍል አግዳሚ ላይ ነው። ጠመኔዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ በር ላይ ያገኛትን ዘበኛ ሰላም ብላ ወጣች። መናኸሪያ ሄዳ ወደ ቤሌ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች። ሽማግሌዎቹ ሰባት ሰዓት ላይ ሲደርሱ ቤቷ ተቆልፏል።

ጸሐፊው ደወሉልኝ። «ማሽንሽ ጉድ ሠራችን! መርዶ ነገረቻት፣ ብቻዋን!»

ከእሳቸውና ከሽማግሌዎቹ ጋር በዚያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቤሌ ስንደርስ አስከሬኑ ሊነሳ ነበር። እሷ ከሬሳው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ድምፅዋ ጠፍቷል። እኔ ከሰው ኋላ ተሸሸግሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አንድ ቦታ ላይ ሳልነቃነቅ ቆሜ አላውቅም።

ከዚያ የመጣው ደግሞ ከቁጣ የከፋ ነገር ነው። ማንም አልተቆጣኝም። ጸሐፊው ራሳቸው ሲረጋጉ፣ «ማሽን ምን ያውቃል፣ ምን ታደርጊዋለሽ» አሉኝ። ዘመዶቿ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ማሽን ነው» አሉኝ። እኔ አጥፍቼ ሌላው ተወቀሰልኝ፤ ያ ሌላው ደግሞ በዓለም ላይ የለም።

በሳምንቱ፣ ሶዶ ቤቷ ውስጥ ለቅሶ ተቀምጣ ሳለ ሄድኩ። ሰው ሳሳ ሲል አጠገቧ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችኝና እጄን ያዘች። እሷ እኔን ልታጽናና!

«አትጨነቂ» አለችኝ። «ሰው ቢሆን እቀየም ነበር። በማሽን ማን ይቀየማል?»

ዝም ብዬ ብወጣ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ደብዳቤዬ አለ፣ የሚጠብቁኝ እድሮች አሉ፣ የሚያውቅብኝም የለም። ያቺን ደቂቃ ሳስባት ዛሬም ላብ ያጠምቀኛል፤ ምክንያቱም ዝም ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ቲቸር፣ ማሽን የለም» አልኳት።

«ተበላሸ?»

«ከመጀመሪያውም የለም። ሰው ይፈልገው እንደሆነ ልሞክር ብዬ በእጄ ነው የምልከው። ያንንም የላክሁት እኔ ነኝ።»

እጄን አልለቀቀችም፤ ግን መያዟ ቀዘቀዘ። ቆይታ ጠየቀችኝ። «የአባቴን ስም ስታዪ አላወቅሽም?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ጠርጥረሽ ላክሽ።»

«አዎ፣ ቲቸር።»

ዓይኗን ከእኔ አንስታ በሩን ስታይ ቆየች። ከዚያም፣ ክፍል ውስጥ በምታስተምርበት በዚያ ረጋ ያለ ድምፅ ነገረችኝ። «ከሶዶ እስከ ቤሌ አፌን በነጠላ አፍኜ ነው የሄድኩት። አውቶቡሱ ሙሉ ነው፤ የማውቀው ሰው የለም። እዚያ ብጮህ ማን ይይዘኛል? አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ‹ሆድሽን አሞሻል?› አለኝ። አዎ አልኩት። ሎሚ ገዝቶ ሰጠኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «አሁን ይቅር ብዬሻለሁ እንድልሽ ነው የመጣሽው። ዛሬ አልችልም። ሂጂና ሌላ ቀን ነይ።»

ወጣሁ። በማግስቱ ለጸሐፊው እውነቱን ነገርኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና፣ «ማሽን የለም? ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ያመጣሽው አንቺ ነሽ? እንዲያውም ይሻላል፣ ቀጥዪ!» አሉ። ፈተናው እንግዲህ በጓደኛዬ መለኪያ እስከ መጨረሻው ተሳክቷል። እኔ ግን ስልኩን በእጄ መያዝ አስጠላኝ።

ያን ጊዜ ነው ከሁሉ ቀድሜ ልጠይቀው የሚገባኝን ሰው አለመጠየቄ የታወቀኝ። ነጋዴ ጠይቄያለሁ፣ ወንጌላዊ ጠይቄያለሁ፤ ያን ሥራ ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን ጡሩምባ ነፊ ግን ምን ያውቃል ብዬ አልፌው ነበር። ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ነው። ጎዳሬ እየላጠ ደጁ ላይ አገኘሁት። ከመንፋትህ በፊት ምን ታደርጋለህ አልኩት።

ጥያቄው ገርሞት ቢላዋውን አቆመ። «ምን አደርጋለሁ? እጠይቃለሁ እንጂ። ‹ያላወቀ ማን አለ?› እላለሁ። እነሱ ይነግሩኛል፤ እገሌ ገና አልሰማችም ይላሉ። በእሷ በር ሳልፍ ጡሩምባዬን ብብቴ ውስጥ እከታለሁ። ተነገራት ሲሉኝ ተመልሼ እነፋለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ታዲያ ሌላ ምን ሥራ አለኝ ብለሽ ነው? መንፋቱን ማ ያቅተዋል!»

ለጓደኛዬ ደውዬ ነገርኩት። እሱ ወዲያው «በጣም ጥሩ! እንግዲህ አንድ ቦታ ትጨምሪያለሽ፤ ‹ያልሰሙ አባላት› የሚል» አለኝ። ትክክል ነው። ፕሮግራሙ ላይ አንድ ቦታ መጨመር ይቻላል፤ በኋላ ሌላ ሰው እንደዚያ አድርጎ ሠርቶት ይሆናል። እኔ ግን ቦታው ጎድሎ አይደለም የላክሁት። ያላወቀ ማን እንዳለ ያወቅሁት ከመላኬ በፊት ነው። ደብዳቤውን ቀድጄ ወደ ፕሪንተሮቼ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቤቷ ሄድኩ። «ገና ነው» አለችኝ በሩ ላይ፤ ተመለስኩ። ከአንድ ወር በኋላ ሄድኩ፤ «ገና ነው» አለችኝ፤ ተመለስኩ። እንደ ጠባዬ ቢሆን እግሯ ላይ ወድቄ፣ አልቅሼ፣ ሽማግሌ ልኬ በአንድ ቀን ልጨርሰው እፈልግ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ብነግራቸው ይቅር እንደሚያስብሏት አውቃለሁ፤ እሷም ለእነሱ ብላ እሺ ትል ነበር። አልነገርኳቸውም። ቀኑን እሷ ራሷ ትምረጠው አልኩ።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ ዝናብ ያለበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እንደገና አንኳኳሁ። ራሷ ከፈተች። መነጽር አድርጋለች፣ እጇ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አለ፣ ከኋላዋ ጠረጴዛው ላይ የፈተና ወረቀት ተከምሯል። ጫማዬን አየች፣ ጭቃ ነው። ፊቴን አየች።

«ገና ነው» አለችኝ።

እሺ ብዬ ልመለስ ስዞር ጠራችኝ።

«ገና ነው አልኩሽ እንጂ አትግቢ አላልኩሽም። ግቢ።»